የሰባት ሳምንት ልጄ ማታ ማታ ታለቅሳለች፤ ውስጥ እግሯን ማሸት ይረዳታል?

የሆጤዋ እናት፣ ደሴ

እንደምን ከረማችሁ። የሰባት ሳምንት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ሁለተኛዬ ናት። ቀን ደኅና ትውላለች፣ ትጠባለች፣ ትተኛለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ግን ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ እጇን ጨብጣ ለቅሶዋን ትጀምራለች። አንዳንድ ቀን እስከ 3 ሰዓት ተኩል አታቆምም። ጡት ስሰጣት ትይዝና ወዲያው ትለቃለች። አቅፌ ቤቱን እዞራለሁ፣ እሹሩሩ እላለሁ፣ ባለቤቴ ይቀበለኛል፣ እሱም ይደክመዋል። እንዲህ ከሆነች ሦስተኛ ሳምንቷን ያዘች። ጤና ጣቢያ ወስጃት መዘኗት፣ ሙቀቷን ለኩ፣ ሆዷን ዳሰሱ፤ «ክብደቷ በደንብ ጨምሯል፣ የሕፃናት ሆድ ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» ብለው መለሱን።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሪፍሌክሶሎጂ ስለሚባል የውስጥ እግር ማሸት ነገረችኝ። በስልኳ የእግር ሥዕል አሳየችኝ፤ አውራ ጣቱ ላይ «ራስ»፣ መካከሉ ላይ «ሆድና አንጀት»፣ በውስጥ ጠርዙ በኩል «አከርካሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። ትናንት ማታ ሞከርኩ። ከተረከዟ ጀምሬ በእግሯ ጠርዝ በኩል አውራ ጣቴን ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው ጣቶቿ ተበታትነው ትልቁ ወደ ኋላ ተቀለበሰ። ጅማቷን የነካሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ግን ደግሞ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በዚያ ሰዓት ዝም ብላ ስታየኝ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እውነት ይሠራል? የት ጋ፣ ምን ያህል ልጫን? አማቴ ደግሞ «በዚህ የጦሳ ብርድ የአራስ እግር አይገለጥም» ይሉኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

እህቴ፣ አብሽሪ፤ አልጎዳሻትም። የእግርን ጠርዝ ከተረከዝ ወደ ላይ ስትነኪ ጣት መበተኑ በዚህ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሕፃን የሚያደርገው ነው። ሐኪሞች የነርቭን ጤንነት ለማወቅ ሆን ብለው ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ስሙም ባቢንስኪ ይባላል። ከጣቶቿ ሥር ያለውን ሥጋ ቀስ ብለሽ ጫን ብትይው ደግሞ በተቃራኒው ጣቶቿን አጥፋ ጣትሽን ልትይዝ ትሞክራለች። ዛሬ ማታ ሞክሪው፤ ደስ ይላል።

ይሠራል ወይ ላልሽው እንደ ባለሙያም እንደ እናትም ልመልስልሽ። ሐሳቡ የተነሣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ዊልያም ፊትዝጄራልድ የተባለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ባወጣው መጽሐፍ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቁመታዊ ክፍሎች ከፈለው፤ በአንዱ ክፍል ላይ አንድ ቦታ ሲጫኑ በዚያው መስመር ያለው የሌላው ቦታ ሕመም ይታገሣል የሚል ነበር። በ1930ዎቹ ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች ሴት ሐሳቡን ወደ እግር አውርዳ ጎረቤትሽ ያሳየችሽን ዓይነት ካርታ ሠራች። ሆኖም ከእግር መካከል ተነሥቶ አንጀት ድረስ የሚሄድ እንዲህ ያለ የተለየ መስመር በሰውነት ውስጥ አልተገኘም። በሕፃናት ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ «እዚህ ስጫን አንጀቷ ይፈታል» ብለሽ አትጠብቂ።

ያረጋጋታል ወይ ካልሽኝ ግን አዎ፣ ብዙ ጊዜ ያረጋጋል። ሞቅ ያለ እጅ ቆዳዋን በዝግታና በአንድ ዓይነት ምት ሲነካት ሕፃን ይረጋጋል፤ ያን ለማድረግ ደግሞ አንቺም ቁጭ ትያለሽ፣ ትንፋሽሽ ይረጋል፣ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ትናንት ለቅሶዋን የገታችው በዚህ ይመስለኛል።

የልጅሽ ነገር ኮሊክ የሚሉት ነው። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ለ3 ሳምንት የሚያለቅስና ሌላ ሕመም ያልተገኘበት ሕፃን ሲሆን እንዲህ ይባላል። ለቅሶው በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ በሦስትና በአራት ወር መካከል በአብዛኛዎቹ ላይ ይጠፋል። አሁን ዳገቱ አናት ላይ ናችሁ።

ይህን ግን ከልብሽ ያዢልኝ። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አረንጓዴ ካስታወካት፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ፣ መጥባት እምቢ ካለች፣ እርግብግቢቷ ካበጠ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም ለቅሶዋ ከለመድሽው ተለይቶ እንደ ማቃሰት ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው። እግር ማሸት አያሻም፣ ማደርም አያሻም።

ደግሞም አንቺ የደከመሽ ቀን፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ፣ በጀርባዋ አልጋዋ ላይ አስተኝተሻት በሩን ገርበብ አድርገሽ ለአምስት ደቂቃ ውጪ። ለብቻዋ ብታለቅስ አትሞትም። በንዴት ሕፃንን መነቅነቅ ግን አንጎልን ያደማል። ብዙ እናቶች ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ሳትጠይቂኝ የነገርኩሽ ለዚህ ነው።

እማማ ከሰኞ ገበያ

ልጄ፣ እኔ ስድስት ወልጄ አሳድጌያለሁ። ይህ አዲስ ስም የወጣለት ነገር እኛ ቤት ድሮም ነበረ። ሕፃኑን ካጠብን በኋላ ጭናችን ላይ አጋድመን ከጭኑ እስከ ጣቱ እየሳብን እናሸዋለን፤ እናቴ እያንዳንዷን ጣት በሁለት ጣቷ ይዛ ጫፏ ላይ ስትደርስ «እደጊ» ትል ነበር። ማሸቱን አትተዪ።

የምልሽ ሌላ ነው። ስታለቅስብሽ ያየ ሰው ሁሉ ምክር ያመጣልሻል። ለበኩር ልጄ ቅቤ አስዋጡልኝ፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለው አስቆረጡኝ፤ ደሙ ሦስት ቀን አልቆመም። ልጁ ተረፈ፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ያ ሌሊት ግን ከዓይኔ አይጠፋም። እግሯን እሺ፣ ጉሮሮዋን ማንም እንዳይነካ። ለብርዱ ከሰሉን ደኅና አድርገሽ አቀጣጥለሽ ክፍሉን አሙቂና ከዚያ ግለጫት።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የእንጥሉን ነገር ከእርስዎ አፍ መስማት ከኔ መቶ ምክር ይበልጣል። ቅቤም፣ ውሃም፣ የአብሽ ውሃም እስከ ስድስት ወር ድረስ አይሰጣትም፤ ጡት ብቻ ይበቃታል። ከሰሉን ግን እባክዎን አይምከሩ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል የሚያወጣው መርዛማ አየር ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ለክፍሉ ቀን 8 እና 9 ሰዓት ላይ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ትሻላለች፤ ማታ ከሆነ ደግሞ ገላዋን በፎጣና በጋቢ ሸፍኖ አንድ እግር ብቻ መግለጥ ነው።

የሐረጎው አባት፣ ኮምቦልቻ

እኛ ከደሴ ዝቅ ብለን ስላለን ብርዱ አያስቸግረንም፤ ሌላው ግን የአንቺው ታሪክ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ያለቀሰበት ሁለት ወር ከፋብሪካ የማታ ፈረቃ ስወጣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ለመግባት እፈራ ነበር። እግሩን ማሸት የለመድኩት ያኔ ነው። ሚስቴ እንድትተኛ ያገኘሁት ሥራ እሱ ብቻ ነበር፤ ለአባት ጥሩ ነው፣ ጡት ስለሌለን እጃችን ነው የሚጠቅማት። ባለቤትሽ ይሞክረው።

ይህን ደግሞ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ልጁ ስድስተኛ ወሩ ላይ ትኩሳት ያዘው። እግር በማሸት የሚያክም አንድ ሰው ዘንድ ወሰድነው፤ ካርታውን አሳይቶ «ከጆሮ ጋር የሚገናኘው ነጥብ ደንዝዟል፣ 10 ጊዜ ብታመላልሱት ይፈታል፣ መድኃኒት አትስጡት» አለን። ሦስት ጊዜ አመላለስነው። በአራተኛው ቀን ጆሮው መግል አፈሰሰ። ሐኪሙ ያን ቀን ምን እንዳለኝ አልደግመውም፤ ትክክል ነበረ። እግር የሚያሽ ሰው በሽታን አውቃለሁ ሲልሽና ከሐኪም ሲያርቅሽ ልጅሽን አንሥተሽ ውጪ።

የሆጤዋ እናት፣ ደሴ

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ስለ አምስቱ ደቂቃ የጻፍሽውን ሳነብ አለቀስኩ። አንድ ማታ እንደዚያ ሆኜ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የሚነግረኝ እፈልጋለሁ። በዚያውም ታላቅ ወንድሟ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ይደርቅበታል፣ ለእሱም ይሆናል?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

መጀመሪያ ስለ ካርታው አንድ ነገር ልበል። ለአዋቂ የተሣለው ካርታ «ሆድ» የሚለው በውስጥ እግር ሥርጉድ ላይ ነው። የሕፃን እግር ግን ሥርጉድ የለውም፤ ወፍራም የስብ ትራስ ነው፣ አጥንቱም አብዛኛው ገና ልም ነው። ቅርጹ የሚወጣው በልጅነት ዓመታት ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ነጥብ እየፈለጉ በጣት ጫፍ መውጋት ለዚህ ዕድሜ አይሆንም።

ጊዜውን ለቅሶው ከመጀመሩ በፊት አድርጊው፤ ለልጅሽ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ማለት ነው። ለቅሶው ከፈነዳ በኋላ እግሯን ብትይዣት ልትፈራገጥ ትችላለች። ከጠባች ግማሽ ሰዓት ይለፋት፣ አግሺያት። ቀለበትሽን አውልቂ፣ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ እጅሽን ታጠቢና መዳፎችሽን እስኪሞቁ ድረስ አፋትጊያቸው። ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ወይም ጥቂት የሱፍ ዘይት ይበቃል፤ ቅባቱንም መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ አሙቂው እንጂ ቀጥታ እግሯ ላይ አታፍስሺ።

ከዚያ ዝም ብለሽ ያዣት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ሁለቱን ውስጥ እግሮቿን በሁለቱ መዳፎችሽ ሸፍነሽ አሥር ትንፋሽ ያህል አትንቀሳቀሺ። የምትሸሽ ከሆነ ልቀቂያት፣ ቀኑ አይደለም። ከፈቀደች በአውራ ጣትሽ ሥጋ፣ በጫፉ ሳይሆን በሰፊው ክፍል፣ ከተረከዝ ወደ ጣቶቿ ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ከዚያ ሌላው አውራ ጣትሽ ይከተል። ጭነቱን ለማወቅ የተዘጋ ዓይንሽን ቆብ በጣትሽ ንኪ፤ ለዓይንሽ የሚመችሽ ያህል ለእሷም በቂ ነው። ግን በጣም እንደ ላባ ከነካሻት ይኮረኩራታል፣ እሱም ያበሳጫታል። መካከሉ ላይ ዙሪያውን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ አሽከርክሪ፣ ጣቶቿን እማማ እንዳሉት አንድ በአንድ ያዢ፤ ለአንድ እግር ሁለት ሦስት ደቂቃ። ፊቷን ካዞረች፣ ካዛጋች ወይም ጀርባዋን ከቀሰረች በቃኝ ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉልበቶቿን አጥፈሽ ቀስ ብለሽ ወደ ሆዷ አምጪና ልቀቂ። ፈሷን የሚያስወጣላት ከካርታው ይልቅ ይህ ነው ባይ ነኝ። ትኩሳት ካላት፣ እግሯ ካበጠ ወይም ቁስል ካለ አይታሽም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ክትባት ጭኗ ላይ ስትወጋ ቦታውን አትሺው፤ እግሯን ይዞ ማባበል ግን ይቻላል።

ለታላቅየው፦ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ይስቃል፣ ይኮረኮራል፣ ስለዚህ ጠንከር ባለ እጅ ይሁን፤ የመኝታ ሰዓት ልማድ ብታደርጊለት ደስ ይለዋል። እኅቱ ከመጣች ወዲህ ለእሱ ብቻ የሚሰጠው ጊዜ ስለሚያንስ ለእሱ የሚታሰበኝ ጥቅም ይህ ነው። ድርቀቱን ግን እግሩ አይፈታውም። ውሃ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ስጪው፣ ወተቱ በዝቶ እንደሆነ እይ፤ ከምግብ በኋላ ፖፖ ላይ ስታስቀምጪው እግሩ መሬት ይንካ፤ ካልደረሰ ሥሩ በርጩማ ነገር አድርጊለት። ደም ካየሽ ወይም ሆዱ ከተነፋ ሐኪም ይየው።

እማማ ከሰኞ ገበያ

ሲስተር፣ የከሰሉን ሰምቻለሁ። ለምራቴም ነግሬያታለሁ።

የሆጤዋ እናት፣ ደሴ (ከ12 ቀን በኋላ)

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ለቅሶው አልጠፋም። ባለፈው ማክሰኞ እስከ 3 ሰዓት አለቀሰች፤ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። እግር ማሸቱ ይሁን፣ ሲስተር እንዳልሽው ዕድሜዋ እየገፋ መሆኑ አላውቅም፣ ሁለቱን አልለይም። ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ግን እኔ አልጨነቅም፤ የምሠራው ነገር አለኝ።

ባለቤቴ ግራ እግሯን ይይዛል፣ እኔ ቀኙን። አማቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ሆዷ ላይ ያለብሷታል፣ እንዳይገለጥባት እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ትናንት ልጄ የእኔን ድምፅ ሰምታ ሳይሆን የወንድሟን ሰምታ ዞረች፤ ልጁ መጥቶ በሁለት ጣቱ ትንሿን ጣቷን ይዞ «እደጊ» አላት። እማማ፣ የእናትዎን ቃል እኔ ነኝ ያስተማርኩት።