አንድ የዓይን ምስክር ብቻውን ለጥፋተኝነት ይበቃልን?

ጠያቂው፦ በጥምቀት ዕለት በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ በነበረው ግፊያ ስልኩን የተነጠቀ ጎረቤቴ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አራዳ ገበያ ያገኘውን ወጣት «እሱ ራሱ ነው» ብሎ አስይዞታል። ከእሱ ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ የለም፤ ሰውየው ሐሰት እንደማይናገር ግን እኔም እመሰክራለሁ። ይህ ብቻውን ሊያስፈርድ ይገባልን?

የሀገር ሽማግሌው፦ ይገባል እላለሁ። ሌባ ደረሰኝ ቆርጦ አይሄድም። ሌሊት በረቱ የተሰበረበት ገበሬ ከገዛ ዓይኑ ሌላ ምን ማስረጃ ያመጣል?

የሥነ ልቦና መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እርስዎን የሚያሳስብዎ ምስክሩ መዋሸት አለመዋሸቱ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን የማይዋሸው ምስክር ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የመኪና ግጭት ፊልም ላዩ የአሜሪካ ተማሪዎች ስለ ፍጥነቱ ጥያቄ ሲያቀርቡ፣ ለአንዱ ቡድን መኪኖቹ «ሲመታቱ»፣ ለሌላው «ሲከሰካከሱ» የሚል ቃል ተጠቀሙ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ ፊልሙ ላይ አንድም ስብርባሪ ሳይኖር፣ ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ፣ ቀላሉን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ አይተናል አሉ። መስታወቱን የሰበረችው አንዲት ግሥ ናት። የእኛ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ታሪኩን ከአቦል እስከ በረካ ስንት ጊዜ ተርኮት፣ ስንቱስ «ቀጭን አልነበረም?» ብሎት ይሆን?

የሀገር ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ያ ፊልም ነው። የተነጠቀ ሰው ድንጋጤው የሌባውን መልክ በልቡ ይቀርጸዋል።

የሥነ ልቦና መምህርቷ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ይሁን እንጂ ከ500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች በልምምድ ላይ ምርመራ ተደርጎባቸው በተጠኑበት ጊዜ፣ በኃይል ያስጨነቃቸውን መርማሪ መልክ መለየት የከበዳቸው በለዘብታ ከጠየቃቸው ሰው ይልቅ ነበር።

ጠበቃው፦ እኔ ምስክር ይጣል አልልም። የሚጎድለን የመጀመሪያው ቃል ነው፦ ምስክሩ ከማንም ጋር ሳይወያይ፣ በዕለቱ፣ ያየውንና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይመዝገብለት፤ ከዚያም ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ በማያውቅ ፖሊስ ፊት፣ ተመሳሳይ መልክ ካላቸው ሰዎች መካከል ይለይ። በሥርዓቱ የተወሰደ የመጀመሪያ እርግጠኝነት ክብደት አለው፤ ከወራት በኋላ ችሎት ላይ የሚሰማው ግን በብዙ ንግግር የጠነከረ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦ ማመልከቻውን በዕለቱ የጻፍሁለት እኔ ነኝ። ረቂቁን አሁን ፈልጌ ሳነበው «ፊቱን በደንብ አላየሁትም፤ ነጭ ለብሷል» ይላል።

የሀገር ሽማግሌው፦ በጥምቀት ነጭ ያልለበሰ ማን ነበር? ወረቀቱን ዛሬውኑ ለፖሊስ አድርስ። ስለ ገበሬው በረት የጠየቅሁት ግን አልተመለሰልኝም።