«ኩሊ» ስንል ማንን ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ካሪቢያኗ ደሴት ስለ ትሪኒዳድ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ከህንድ የመጡትን የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች «ኩሊ» ይላቸዋል። ቃሉ እኛም ጋ አለ። እንዳለ ልውሰደው?

መልስ፦ አደራህን ወንድሜ፣ እንዳትወስደው! የእኛ ኩሊ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ የሚሸከምልን ሰው ነው። «ኩሊ ጥራልኝ» ስንል ሥራውን እንጂ ዘሩን አናነሳም። እዚያ ግን ዘር መስደቢያ ነው።

ብዙዎች ሥሩን ከታሚል ቋንቋ ያመጡታል፤ ትርጉሙ የቀን ምንዳ ማለት ነው። በምዕራብ ህንድ ካለው «ኮሊ» ከሚባል ሕዝብ ስም ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ምንዳው አደላለሁ። የክፍያው ስም ተከፋዩ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎ ሸንኮራ ቆርጦ የማያውቅ የልጅ ልጅ ሳይቀር ተሰደበበት። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1838 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ባሮች ሙሉ ነጻነት ሲያገኙ ባለ እርሻዎቹ ርካሽ ጉልበት ፈለጉ። ሜይ 30 ቀን 1845 «ፋቴል ራዛክ» የተባለች መርከብ 225 ያህል ህንዶች ይዛ ትሪኒዳድ ደረሰች። እስከ 1917 ድረስ ከ140 ሺህ በላይ ሰው ተከተለ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ነበር። በጉዞው ላይ እያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ከሥራ መቅረት፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከእርሻው መውጣት ወህኒ ያስገባ ነበር።

«ቅጥረኛ» እንዳትልም። በእኛ አፍ ቅጥረኛ አገር ሻጭ ነው። «የውል ሠራተኛ» ይሻላል።

ሌላ አባል፦ «የኮንትራት ሠራተኛ»ስ? ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ሱሪናም የሄዱት ህንዶች ራሳቸውን «ካንትራኪ» ነው የሚሉት። ኮንትራት ከሚለው የመጣ ነው።

መልስ፦ ጥሩ ብለሃል! ራሳቸው የመረጡት ስም ይቅደም። እኛም ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ እህታችንን «በኮንትራት ሄደች» እንላለን፤ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

ጠያቂው፦ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን «ጃሃጂ ብሃይ»ንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ ጃሃጅ መርከብ ነው፣ ብሃይ ወንድም። በአንድ መርከብ የተሻገሩ ሰዎች እንደ ሥጋ ዘመድ ይተያዩ ነበር። ከእናት ከአባት ተለይተው ወራት በባሕር ላይ አብረው ስለቆዩ ነው። «አብሮ ተሳፋሪ» አይመጥነውም፤ ሚኒባስ ውስጥም ተሳፋሪ አለ። «አብሮ አደግ» ደግሞ ልጅነትን ይጠራል። «የመርከብ ወንድም» በለው፤ ለሴቶቹም «የመርከብ እህት»።