ፕሪየስ ገዛን፣ ዋራንቲው ግን እንቅልፍ ነሳኝ

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ከዲለር ያገለገለች ቶዮታ ፕሪየስ ገዛ፣ ሃይብሪድ ናት፣ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ። የ2020 ሞዴል ናት፣ 78,000 ማይል ሄዳለች። በመኪናዋ ምንም አልልም፣ ደስ ትላለች። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ወረቀቱን ሳገላብጥ ግን የማላውቀው 3,200 ዶላር አገኘሁ። «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ (የተራዘመ ዋስትና) ነው፣ ከብድሩ ጋር ስለገባ በወር ትንሽ ነው የሚጨምረው» አለኝ ባለቤቴ። ሻጩ ሀበሻ ነው፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። «የሃይብሪዱ ባትሪ ከሞተ ጉድ ትሆናላችሁ» ብሎ አስደንግጦታል። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው። መኪናዋ ከቆመች እኛም ቆምን ማለት ነው። ግን እኮ የቤት ኪራዩም በዚሁ ወር ጨምሮብናል። ይሄ ነገር ይጠቅማል? ካልጠቀመስ መመለስ ይቻላል ወይስ አንዴ ከፈረሙ አለቀ?

የሌሊቱ ሹፌር፦
እህቴ፣ እኔ አንዴ ተበልቻለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ዋራንቲውን በገዛሁ በዓመቱ የመኪናዬ ካምቢዮ መንገጫገጭ ጀመረ። ስደውል «መጀመሪያ ይፈታና ይታይ» አሉኝ። የመፍቻውን ለጋራዡ ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ አንድ ሰው ልከው ፎቶ አነሱ። ከዚያ ደግሞ «የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ አምጣ» ተባልኩ። እኔና ወንድሜ ዘይት የምንቀይረው አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ ነው። ካርቶን አንጥፈን፣ አሮጌውን ዘይት በልብስ ማጠቢያ ሳህን ተቀብለን። ደረሰኝ ከየት ላምጣ? ሳህኑን ልላክላቸው? አልከፍልም ብለው ዘጉኝ። ባትገዙት ነበር የሚሻለው።

ሂሳብ ወዳድ፦
«በወር ትንሽ ነው» የምትለዋን ነገር እስቲ እናስላት። 3,200 ዶላር በ11 ከመቶ ወለድ ለ72 ወር ከተበደራችሁት በወር 61 ዶላር ገደማ ነው። ስድስት ዓመት ሲደመር ከ4,380 በላይ። የእናንተን ወለድ አላውቅም፣ ኮንትራቱ ላይ እዪው። ደግሞ ውሉ ራሱ ለስንት ዓመት እንደሆነ ተመልከቺ። የሦስት ዓመት ዋራንቲ ገዝቶ ስድስት ዓመት የሚከፍል ሰው ሞልቷል።

ጋሽ ጋራዥ፦
ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ዕድሜዬን የጨረስኩት መኪና ሥር ተኝቼ ነው።

ባልሽን ያስፈራሩበት ባትሪ ቀድሞውኑ ዋስትና አለው። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪውን 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው የሚሸፍነው፣ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ያ ዋስትና የመኪናዋ ነው፣ የመጀመሪያው ባለቤት ሲሸጣት አብሯት ይሄዳል። የሚቆጠረው ግን እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን መኪናዋ መጀመሪያ መንገድ ከወጣችበት ቀን ነው። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው) እና የመሳሰለው የሃይብሪድ ዕቃ ደግሞ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አለው። የሻንሲ ቁጥሯን ይዛችሁ የትኛውም ቶዮታ ሰርቪስ ሂዱ፣ ምን እንደቀራት ይነግሯችኋል።

ያለቀባችሁ የሞተርና የካምቢዮው ዋስትና ነው። እሱ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነበር፣ አልፋችሁታል። የፕሪየስ ካምቢዮ ደግሞ እንደሌላው መኪና ቶሎ ቶሎ የሚሞት አይደለም። ከ2010 እስከ 2015 ያለችዋን ገዝታችሁ ቢሆን የቴስታታዋን (የሞተሯን ክዳን) ጉዳይ አንስቼ አስጨንቃችሁ ነበር። ይቺኛዋ ሌላ ናት።

ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) በፌዴራል ሕግ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ነው። 2,000 ማይል ቀርቷችኋል፣ ኡበር የሚነዳ ሰው በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ሌባ ከሥር ቆርጦ ከወሰደው ግን የትኛውም ዋራንቲ አላውቅህም ነው የሚለው። እሱን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው፣ ያውም ኮምፕሪሄንሲቭ (ስርቆትንም የሚሸፍነው) ካላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላ ወንበር ጎን ወንፊት የመሰለች የአየር ማስገቢያ አለች። ባትሪው የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ተሳፋሪ ጃኬቱንና ሻንጣውን እየጣለ ይደፍናታል፣ የውሻ ፀጉርም ይገባባታል። በየጊዜው ትጽዳ። ባትሪ ሞተ እያለ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ እሷን ረስቶ ነው።

የፍራንክፈርቱ፦
እኔ የሚገርመኝ አሜሪካ እንዴት እንዲህ እንደሚሠራ ነው። እዚህ ጀርመን ነጋዴ ያገለገለ መኪና ሲሸጥልህ በሕግ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተጠያቂ ነው። ጌቬርላይስቱንግ ይባላል። «እንዳለች ውሰዳት» ብሎ ነገር የለም፣ ከግለሰብ ካልገዛህ በቀር። በዚያ ዓመት ውስጥ ከተበላሸች ችግሩ ስትሸጥ አልነበረም ብሎ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ቲዩፉ (የመኪና ምርመራው) ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ መጀመሪያ ሻጩን በጽሑፍ…

የሌሊቱ ሹፌር፦
ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ናት ያለችው። ፍራንክፈርት ሄዳ ትክሰሰው?

የፍራንክፈርቱ፦
መረጃ መስጠት ኃጢአት ሆነ?

የድሮ ሻጭ፦
እኔ ዲለር ፋይናንስ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ስድቡን ቀስ እያላችሁ።

አንደኛ፣ ይሄ ነገር በሕግ ዋራንቲ አይባልም፣ ለብቻው የሚሸጥ የጥገና ውል ነው። ዲለሩ የራሱ ዋስትና ይኑረው አይኑረው መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ይናገራል። «አዝ ኢዝ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ መኪናዋ ከበሩ ስትወጣ ዲለሩ የለበትም ማለት ነው። ያንን ወረቀት ፈልጊው፣ ቅጂው ይሰጣችኋል።

ሁለተኛ፣ መሰረዝ ይቻላል። ብዙዎቹ ውሎች 30 ቀን፣ አንዳንዶቹ 60 ቀን ይሰጣሉ። ምንም ካላስጠገናችሁ ሙሉው ይመለሳል። ከዚያ በኋላም ይሰረዛል፣ ግን ያለፈው ጊዜና ማይል ይቀነሳል፣ ትንሽ የማሰረዣ ክፍያም አለ። በስልክ አይሆንም። በጽሑፍ፣ የማይሏን ቁጥር ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ቅጂ አስቀርታችሁ። ገንዘቡ ደግሞ እጃችሁ አይገባም፣ ለአበዳሪው ነው የሚሄደው። የወር ክፍያችሁ ያው ይሆናል፣ ዕዳው ነው ቀድሞ የሚያልቀው። ይሄን የማያውቅ ሰው «ዋሹን፣ ክፍያው አልቀነሰም» እያለ ይመጣብን ነበር።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም በላይ ይሄን አንብቢ፦ የማይሸፈኑ ነገሮች የሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ ለንግድ ወይም ለክፍያ ሰው ማጓጓዝ የሚል ካለ፣ ኡበር እየነዳ ያ ወረቀት ለእናንተ ወረቀት ነው።

ግን ሁልጊዜ ሌባ ነው አትበሉ። ያረጀ የጀርመን መኪና ገዝቶ አንድ ጥገና ብቻ ዋጋውን የመለሰለት ደንበኛ ነበረኝ። እስካሁን ለእንቁጣጣሽ ይደውልልኛል።

የሌሊቱ ሹፌር፦
አንድ ደወለልህ። ያልደወሉትስ? ኡበር እንደሚነዳ እያወቀ የሸጠለት የገዛ ወገኑ እኮ ነው! ፈረንጅ ቢሆን «ይሄ ለአንተ አይሆንም» ይለው ነበር።

የድሮ ሻጭ፦
ፈረንጅ እንዲህ የሚል አላየሁም። ልጁ ኮሚሽን ነው የሚበላው፣ ደመወዙ እሱ ነው። ምናልባትም ኡበር እንደሚነዳ አልጠየቀውም።

የሌሊቱ ሹፌር፦
ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ አይተዋወቁም? መኪናዋ ላይ ኡበር የሚል ተለጥፎ አላየም?

የመርካቶ ልጅ፦
እናንተ ስትጣሉ እኔ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። ኮሮላችን ስትበላሽ ሶማሌ ተራ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይወርዳል፣ ከዚያ ከሱቅ ሱቅ እያዞረ «የዚችን እህት አምጣልኝ» ይላል። ዋራንቲው ሻጩን በስም ማወቁ ነበር። ካልሠራ በነጋታው ሄዶ ይቀይረዋል፣ ሻይም ይጋበዛል።

አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ የኤሌክትሪክ መኪና ቅድመ ክፍያ ላክልኝ እያለኝ ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስለተከለከለ ሌላ ምርጫ የለኝም ይላል። ባትሪው ዋስትና አለው ወይ ስለው «ደላላው አለው ብሏል» አለኝ። ደላላው!

ሂሳብ ወዳድ፦
ለወንድምህ አትላክ አልልህም። ግን እኔ ዋራንቲ ከመግዛት ዕቁብ ብገባ ይሻለኛል። በወር 61 ዶላር ብትጥል እንኳን በሦስት ዓመት 2,200 ገደማ ነው፣ መኪናዋ ካልተበላሸች ያንተው ነው።

ጋሽ ጋራዥ፦
ዕቁቡ ጥሩ ነው። ካምቢዮው በሁለተኛው ወር ከወደቀስ? ዕጣው ላንተ እስኪወጣ ትጠብቀዋለህ?

ሂሳብ ወዳድ፦
ጋሼ፣ ያኔ ሰብሳቢውን እለምናለሁ። የዋራንቲ ድርጅት ለምነው ያውቃሉ? በነገራችን ላይ «የመኪናዎ ዋራንቲ ሊያልቅ ነው» እያለ የሚደውለው ድምፅ ለእኔ መደወል የጀመረው መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ ነው። በ2023 የፌዴራሉ የቴሌኮም ኮሚሽን የእነዚያን ደዋዮች ቡድን ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል። እኔ ግን አሁንም ይደወልልኛል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። ዛሬ ጠዋት ሳይወጣ ቁጭ ብለን አነበብነው። ገጽ 11 ላይ በደቃቁ ተጽፏል፦ ታክሲ፣ ዕቃ ማድረስ፣ በክፍያ ሰው ማጓጓዝ አይሸፈንም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ዝም አለ።

የማሰረዣውን ደብዳቤ እኔ ጽፌዋለሁ። እሱ ግን ዲለሩ ጋ መሄድ አልፈለገም። «ልጁ ላይ ኮሚሽኑን ማስመለስ ነው፣ ሚስቱ ደግሞ አራስ ናት» ይለኛል። እሷን ራሴ ነኝ ገንፎ ይዤ የጠየቅኳት! በፖስታ ብልከው ይሆናል ወይ ብዬ ነው።

የድሮ ሻጭ፦
ይሆናል፣ በሰርቲፋይድ ፖስታ (መላክሽን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ያለው)። ለዲለሩም፣ ውሉ ላይ አስተዳዳሪ ተብሎ ለተጻፈው ድርጅትም ላኪ። የነጻ መሰረዣ ቀኑ ስንት ይላል?

የሌሊቱ ሹፌር፦
አራስም ብትሆን 3,200 ዶላር ነው። ይሉኝታ ነው እኛን የጨረሰን።

የድሮ ሻጭ፦
አንተ ደግሞ ነገር አታካብድ። ልጁን ማንም ሌባ አላለውም፣ አንተ ነህ።

የሌሊቱ ሹፌር፦
እኔ የት ላይ ነው ሌባ ያልኩት? ከላይ ሄደህ አንብብ!

የመርካቶ ልጅ፦
ጋሽ ጋራዥ፣ ይቅርታ ከርዕሱ ወጣሁ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሲገዛ ምን ተደርጎ ነው የሚታየው? ወንድሜ ለነገ ቀጠሮ ይዟል።