በምጥ ጊዜ ማደንዘዣ መውሰድ ከእምነቴ ጋር ይጋጫልን?

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶችና እኅቶች፥

በአሜሪካ የምኖር፣ የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ ጥቂት ሳምንታት የቀሩኝ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነኝ። ሐኪሜ በምጥ ጊዜ በጀርባ በኩል የሚሰጠውን ኤፒዱራል የተባለ ማደንዘዣ እፈልግ እንደሆነ አስቀድሜ እንዳስብበት ብትነግረኝም መወሰን አልቻልኩም። አማቴ በዘፍጥረት 3፥16 «በጭንቅ ትወልጃለሽ» የተባለውን እያነሡ ሕመሙን መሸሽ ፍርዱን መሸሽ ነው ይሉኛል። ክፋት የለባቸውም፤ እርሳቸው ልጆቻቸውን ሁሉ የወለዱት በቤታቸው፣ «ማርያም ማርያም» በሚሉ ጎረቤቶች ተከበው ነው።

በበኩሌ፣ በዚያው ምዕራፍ አዳም በፊቱ ወዝ እንጀራውን እንዲበላ ተነግሮት ሳለ በትራክተር የሚያርስን ገበሬ ኃጢአተኛ ያለው ሰው አልሰማሁም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰንም እ.ኤ.አ. በ1847 ክሎሮፎርምን ለወላዶች መስጠት በጀመረ ጊዜ፣ እግዚአብሔር የአዳምን ጎን ከመውሰዱ በፊት ከባድ እንቅልፍ እንደጣለበት በመጥቀስ ለተመሳሳይ ተቃውሞ መልስ መስጠቱን አንብቤአለሁ።

ይሁንና ይህ ሁሉ ፍርሃቴን አላራቀልኝም። ጌታችን በዮሐንስ 16፥21 የምትወልድ ሴት ወራቷ ሲደርስ እንደምታዝን ሲናገር አልገሠጻትም፤ ታዲያ ፈታሔ ማኅፀን ቅዱስ ሩፋኤልን እየተማጸንኩ ሌሊቱን በፍርሃት ማሳለፌ የእምነት ማነስ ይሆንን? ማደንዘዣ ወስዳችሁ የወለዳችሁ እኅቶች በጸሎት እንዴት እንደተዘጋጃችሁ ብትነግሩኝ፣ እንዲሁም ይህን ጉዳይ ለንስሐ አባቴ ሳላፍር፣ ለአማቴም ሳላስቀይማቸው እንዴት እንደማስረዳ ብትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።