ለሩጫ ውድድር ስፖንሰር የምንጠይቅበት ስላይድ ምን ይኑረው? (ደብረ ማርቆስ)

ዘጎዛምን፦

እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ በጥር ወር የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ እያዘጋጀን ነው። ያቀድነው ለ1,500 ሯጭ ነው። ጠቅላላ ወጪው 1,650,000 ብር ይደርሳል። ከምዝገባ፣ በነፍስ ወከፍ 300 ብር ሒሳብ፣ 450,000 ብር ብናገኝ 1,200,000 ብር ይጎድለናል። ይህን ከባንክ፣ ከመድን ድርጅት፣ ከውሃ ፋብሪካና ከከተማው ነጋዴዎች ለማግኘት ስላይድ ሠርተን 34 ገጽ ሆነብን። የማኅበሩ ታሪክ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ የኮሚቴው ፎቶ፣ የከተማዋ ታሪክ ሞንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ የወጪ ዝርዝር፣ መጨረሻ ላይ «ትብብራችሁን እንጠይቃለን» ይላል። የሚሰጠን ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ምን ይውጣ? ምን ይግባ? ዋጋውስ የት ቦታ ይነገር? ደግሞ ፊደሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይበላሻል፤ ለሱም መላ ካላችሁ ንገሩኝ።
እህታችሁ።

የጮቄ ጥላ፦

እታለም፣ ከ34ቱ 11 ገጽ ብቻ ይትረፍ። ከመቀነስሽ በፊት ግን ስላይዱን ማን እንደሚያየው ለዪ። ፊት ለፊት የምታገኚው የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ነው። እሱ ቢወደውም ብዙ ጊዜ የሚወስነው የዲስትሪክቱ ወይም የዋናው መሥሪያ ቤት የማርኬቲንግ ክፍል ነው። እዚያ ደብረ ማርቆስን ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ አንቺ በሌለሽበት፣ በስልኩ ከፍቶ ያየዋል። «ይህንን በቃል አስረዳዋለሁ» ብለሽ የተውሽው ሁሉ እሱ ዘንድ አይደርስም። ለዚያ ብለሽ ጽሑፍ ብታጭቂበት ደግሞ ስታቀርቢ ሰዉ ግድግዳውን ያነባል እንጂ አንቺን አይሰማም። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል፤ አንዱ የምታቀርቢው፣ ሌላው በየገጹ ግርጌ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር የተጨመረበትና የሚላከው።

የመጀመሪያው ገጽ የውድድሩን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሯጩን ብዛትና የምትጠይቂውን ድርጅት ስም ይያዝ። ሁለተኛው ገጽ ሯጮቹ እነማን እንደሆኑ ያሳይ፤ ከሁሉም በላይ የምትደክሙበት ይህ ይሁን። «1,500 ሰው» ብሎ መተው ለማንም አይጠቅመውም። ስንቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው? ስንቱ የመንግሥት ሠራተኛ? ስንቱ ነጋዴ? ስንቱስ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም ይመጣል? ባንኩ አዲስ ሒሳብ የሚከፍት ተማሪ ይፈልጋል፣ መድን ድርጅቱ መኪና ያለው ሰው ይፈልጋል። የምዝገባ ቅጹ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሥራና የመጡበት ከተማ ይጠየቅ፤ ከዚያ በኋላ እጃችሁ ላይ ያለው የራሳችሁ መረጃ ይሆናል። ምዝገባው ገና ካልተጀመረ ግን «ግምት» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጎን ጻፉት። የተጋነነ ቁጥር «ከየት አመጣችሁት?» በሚል አንድ ጥያቄ ይፈርሳል፤ እሱ ሲፈርስ የቀረውንም የሚያምንላችሁ አይኖርም።

ከዚያ ሦስት ገጽ በሥዕል። የመነሻው ቅስት ላይ፣ ቲሸርቱ ላይና የደረት ቁጥሩ ላይ የዚያን ድርጅት ሎጎ አስገብታችሁ አሳዩ። ለደረት ቁጥሩ በተለይ ትኩረት ስጡት። በአራት መርፌ ቁልፍ ደረት ላይ የሚያያዘው ያ ወረቀት ሯጩ በተነሳው ፎቶ ሁሉ ውስጥ አለ። አጥር ላይ የተሰቀለ ባነር ግን የሚታየው በዚያ በኩል ለተነሳ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ አዘጋጆች የደረት ቁጥሩን ለባነር ገዢ ምርቃት አድርገው ይሰጡታል። ከቁጥሩ በላይ ያለውን ክፍት ቦታ ለአንድ ድርጅት ብቻ፣ በደህና ዋጋ ሽጡት።

የወጪ ዝርዝሩ ይውጣ። ለመድረክና ለድምፅ ማጉያ ስንት እንደምትከፍሉ ለስፖንሰሩ ምኑም አይደለም። ተጠይቃችሁ እንዳትደናገጡ ብቻ ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ተቀማጭ ይሁን። ራዕይና ተልዕኮው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ሞንቆረርን እኔም እወዳታለሁ፤ ነገር ግን ከተማዋን የምታነሱ ከሆነ ለሩጫው የሚጠቅመውን አንሡ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ መሆኗና ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ መቀመጧ አዲስ አበባ ላለው ሰው የሚገባው ነገር ነው።

ጣና ዳር፦

የጮቄ ጥላ ያለው ይበጃል። ስለ ዋጋው ልጨምር። ብዙ ሰው ዋጋውን መጨረሻ ገጽ ላይ ይደብቀዋል፤ እኔ ከሥዕሎቹ ቀጥሎ፣ ስድስተኛው ገጽ ላይ ይምጣ እላለሁ። ሰውየው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «ስንት ሊሉኝ ይሆን?» እያለ ነው የሚሰማሽ። ቶሎ ካወቀው ቀሪውን ጊዜ የሚያገኘውን በማመዛዘን ያሳልፈዋል።

የሚጎድላችሁ 1,200,000 ከሆነ የፓኬጆቹ ድምር ልክ 1,200,000 አይሁን፤ ሁሉም ይሸጣል ማለት ዘበት ነው። ለምሳሌ አንድ አብይ ስፖንሰር በ600,000፣ ሁለት የወርቅ ደረጃ እያንዳንዱን በ250,000፣ አምስት የብር ደረጃ እያንዳንዱን በ100,000 ብታደርጉት ድምሩ 1,600,000 ይሆናል። አብዩ ቢቀር እንኳ የተቀሩት 1,000,000 ያመጣሉ፤ የጎደለውን 200,000 በዓይነት መሙላት ይቻላል። ከሦስት ደረጃ በላይ አታብዙ። ስድስት ዓይነት ፓኬጅ ያየ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ስለሚያቅተው «እናየዋለን» ብሎ ይሸኛችኋል።

በደረጃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በሎጎ መጠን ብቻ አይሁን። የአብዩ መለያ ብቸኝነት ነው፤ አንድ ባንክ ከገባ ሌላ ባንክ አይገባም። ይህን በጽሑፍ አስፍሩት። አንዱ ባንክ አብይ ሆኖ ሌላውን በብር ደረጃ አስገብታችሁ ቅስቱ ሥር ሲገናኙ ከሁለቱም ትጣላላችሁ። ቲሸርቱ ጀርባ ላይም ከአራት ሎጎ በላይ አይደርደር፤ ዘጠኝ ከሆነ አንዱም ከሦስት ሜትር ርቀት አይነበብም።

የውሃ ፋብሪካን ገንዘብ አትጠይቁ፤ ውሃ ጠይቁ፣ ያውም በቁጥር። 5ኛው ኪሎ ሜትርና መድረሻው ላይ ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ አንድ ግማሽ ሊትር ከሆነ 3,000 ጠርሙስ ነው። 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 3,300፤ በ12 ሲካፈል 275 እሽግ። «275 እሽግ፣ ከዋዜማው ከሰዓት በፊት መድረሻው ቦታ ላይ» የሚል ጥያቄ ለሽያጭ ኃላፊው አንድ ትዕዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። «የምትችሉትን ያህል ተባበሩን» ካላችሁት ግን ስንት እንደሚበቃ ስለማያውቅ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ያድራል።

ቀለም ቀንድ፦

ስለ ፊደሉ። ብልሽቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ መላቸውም ለየቅል ነው። ፊደሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ከታየ የተጻፈው እንደ ድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ባለ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ባልሆነ ፊደል ነው። ለማረጋገጥ ጽሑፉን ምረጡና ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፊደል ቀይሩት፤ ከተንኮታኮተ ዩኒኮድ አይደለም፣ እንደገና መጻፍ ወይም በመቀየሪያ ማለፍ አለበት። ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፤ ያኛው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል የለም ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ካልተጫነ አይገኝም፣ ኤብሪማ ግን አለ። ለሚላከው ቅጂ አትጨነቁ፤ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩት። በቴሌግራም የተላከ ፓወርፖይንት በየስልኩ ሌላ መልክ ይዞ ነው የሚከፈተው።

የፊደሉ መጠን ለአርዕስት 36፣ ለጽሑፍ ከ24 አይነስ። መብራቱ በደከመ ፕሮጀክተር ላይ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ጎኗ ላይ ያለች ጭረት ናት፣ በመጀመሪያ የምትጠፋውም እሷ ናት። ስለዚህ ቀጭን ፊደል አትምረጡ፤ ነጭ ላይ ቢጫም አትጻፉ። ሎጎውን ከፌስቡክ ገጻቸው አትውሰዱ፤ ቅስቱ ላይ ሲታተም ይበጣጠሳል። ሲተልቅ የማይበላሸውን ዋናውን የኤአይ (.ai) ወይም የኢፒኤስ (.eps) ፋይል ጠይቋቸው። ሦስት የታተመ ባለቀለም ቅጂም ያዙ፤ መብራት ቢሄድ ወረቀቱን ሰጥታችሁ ትቀጥላላችሁ።

ዘጎዛምን፦

እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ 12 ገጽ ወርዷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። «ሰው ባይመጣስ፣ ውድድሩ ቢራዘምስ?» ቢሉን ምን እንመልስ? ደግሞ ከኮሚቴው አንዳንዶቹ ቢራ ፋብሪካ እንሂድ ይላሉ።

አባይ ማዶ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ገጽ መድቡለት፤ እነሱ ሳያነሱት እናንተ አንሡት። የተራዘመ እንደሆነ ገንዘቡ ለአዲሱ ቀን ይተላለፋል፣ የተሰረዘ እንደሆነ ያልወጣው በስንት ቀን ውስጥ ይመለሳል የሚለው በቁጥር ይጻፍ፤ ያው ቃል ውሉ ላይም ይግባ። የከተማ አስተዳደሩ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱና የፖሊስ ፈቃድ ማኅተማቸው እንዲነበብ ሆኖ እዚሁ ገጽ ላይ ይታይ። ስለ ጸጥታ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህ ወረቀት ነው፤ የቃል ማረጋገጫ ዋናው መሥሪያ ቤት አይደርስም። ክፍያውም በሁለት ይከፈል፤ 60 በመቶ ውሉ ሲፈረም፣ 40 በመቶ ሪፖርቱ ሲገባ። ሪፖርቱን በ15 ቀን ውስጥ እንደምታስገቡ፣ የሯጩን ቁጥርና ሎጎው የታየባቸውን 20 ፎቶዎች እንደሚይዝ ስላይዱ ላይ ቃል ግቡ።

ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ በማኅበሩ ስም ይሁን። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌላችሁ ማርኬቲንግ ቢፈቅድ እንኳ ፋይናንስ አይከፍልም። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር አይጨምር ከቁጥሩ ሥር ይጻፍ፤ 15 በመቶ በኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅ ነው።

ቢራውን በተመለከተ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ላይ ጠበቅ ያለ ገደብ ጥሏል፤ ትምባሆን ደግሞ ከነስፖንሰርነቱ ከልክሏል። ተማሪ የሚበዛበት ሩጫ ስለሆነ ቢራውን ተዉት። የቢራ ሎጎ ያለበት ቲሸርት ልጆቹን በሚልኩ ትምህርት ቤቶችና ወላጆች ዘንድ ያስነቅፋችኋል፣ ሌሎቹንም ስፖንሰሮች ያሸሻል።

ጊዜውን እንዳትረሱ። የብዙዎቹ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዳቸውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው የሚያወጡት። ለጥር ውድድር ያኔ የገባ ደብዳቤ በጀት ይያዝለታል፣ ኅዳር ላይ የገባ ግን ከተረፈ ፍርፋሪ ነው የሚደርሰው። ቀን ስትመርጡም ከጥምቀት ሰሞንና ጥር 23 እንጅባራ ላይ ከሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ራቁ፤ የአካባቢው ስፖንሰርም ካሜራም ያን ሰሞን ወደዚያ ነው የሚሄደው።