ቤት የሌለበት «ከተማ»፦ የድሮ ካርታ ላይ ያሉ ቃሎች ምን ማለት ናቸው?

ርብ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ቃሉ «ከተማ» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ የሊቦ ሰው ናት፣ ደቡብ ጎንደር፣ ከርብ ወንዝ በላይ። ዕድሜዋ ገፍቷል። ሳታመልጠኝ የተወለደችበትን ቦታ ካርታ ላይ ላግኘው ብዬ ተነሳሁ። አንድ ለሃምሳ ሺህ የሚባለውን የድሮ ካርታ ኮፒ አገኘሁ፤ እሱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አያቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት። «ካርታ ነው» ስላት ደነገጠች። «መሬቱን ማን ሊወስደው ነው?» አለችኝ። ለሷ ካርታ ማለት የይዞታ ወረቀት ነው። እስክትረጋጋ ድረስ ቡና ጠጣን።

ማንበብ ስለማትችል በእግሯ አስኬድኳት። «እማማ፣ ጠዋት ገበያ ስትወጪ ፀሐይ በየት በኩል ነበረች?» አልኳት። «ስሄድም ጀርባዬን፣ ስመለስም ጀርባዬን» አለች። ገበያው ከቤቷ በስተ ምዕራብ ነው ማለት ነው። ወንዙ በግራዋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በቀኟ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን በጣቴ ስከተላት አንዲት ጉብታ ጋ ደረስን። ጉብታዋ ላይ በደቃቅ ፊደል «ከተማ» ተብሎ ተጽፏል። የቤት ምልክት የለም። መንገድ የለም። ከከፍታ መስመሮቹ በቀር ባዶ ነው።

«እዚህ ከተማ ነበር እንዴ?» ስላት «ኧረ የምን ከተማ! እዚያማ ከጅብ በቀር ማን ነበረና» አለች።

ካርታው ተሳስቶ ነው? ወይስ ቃሉ እኛ የማናውቀው ሌላ ትርጉም አለው?

ሰምና ወርቅ

የካርታ ስህተት አይመስለኝም። «ከተማ» ከ«ክተት» የመጣ ቃል ነው ባይ ነኝ። ክተት ሲታወጅ ሠራዊቱ የሚሰበሰብበት ቦታ ከተማ ተባለ። ስለዚህ ጉብታዋ የጦር መሰብሰቢያ የነበረች ትመስለኛለች።

ብራና

ልጄ፣ ትርጉሙን ተጠግተኸዋል፤ የቃሉን ዘር ግን ስተኸዋል። ክተት ከ«ከተተ» ነው፣ ከ-ተ-ተ። ከተማ ከ«ከተመ» ነው፣ ከ-ተ-መ። ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። ከተመ ማለት አንድ ቦታ ላይ ሰፈረ፣ ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው። በዜና መዋዕሎቹ ውስጥ «ከተማ» የንጉሡ ሰፈር ነው። ቤትና ሱቅ ያለበት ቦታ ማለት የሆነው ኋላ ነው። ንጉሡ ሲነሳ ከተማው አብሮ ይነሳል። የሚቀረው ምድጃና ስሙ ነው።

በዚያ በጣና ምሥራቅና ሰሜን ያለው አገር ደግሞ ነገሥታቱ ሲከትሙበት የኖሩ ነው። ሠርጸ ድንግል እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ። ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ። ፋሲለደስ ጎንደርን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1636 ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን አሪንጎን የመሰሉ ማረፊያዎች ነበሩ። መኳንንቱም እንደ አቅማቸው ይከትሙ ነበር። ርብ ማዶ፣ የአያትህ ጉብታ የማን ከተማ እንደነበረች እኔ አልነግርህም። ቦታው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ውሃ ቅርቡ ከሆነና ዙሪያውን የሚያሳይ ከሆነ ግን ቃሉ በቦታው ነው።

«ሰፈር» የምንለውም ያው ነው። ሰፈረ፣ ሰፈር። የአዲስ አበባን ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ መኮንን ሰፈር አስታውስ። የጌታው ሰው ድንኳን የተከለበት ቦታ ነው ሰፈር የሆነው።

ርብ ማዶ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ «ከተማ» ስል ፎቅ ነበር የሚታየኝ። ካርታውን እንደገና አየሁት፤ ጉብታዋ በእርግጥም ከዙሪያዋ ከፍ ያለች ናት፣ ምንጭ የሚመስል ምልክትም ከሥሯ አለ።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። አያቴ ከወንዙ ወዲያ ስላሉ ገበያዎች ስታወራ ሐሙሲት ሐሙሲት ትላለች። ካርታው ላይም አለ። ይቺ «-ሲት» ምንድን ናት?

ዋንዛዬ

ይሄንን ለኔ ተዉልኝ፣ የደራ ልጅ ነኝ!

«-ሲት» ብለህ አትቁረጠው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «-ኢት» ናት። ሐሙስ፣ ሐሙሲት። ሮብ፣ ሮቢት። ማክሰኞ፣ ማክሰኝት። ቀኑን እንደ ሴት ልጅ ስም ማቆላመጥ ነው። በጎንደር መንገድ ላይ ያለችው ማክሰኝት የማክሰኞ ገበያ ናት። ወደ ሸዋ ስትወርድ ሸዋ ሮቢት አለች። ከሷ ብዙም ሳትርቅ ሰንበቴ። ጋይንት በኩል ደግሞ ሳያቆላምጡ አርብ ገበያ ብለው ቁጭ አድርገውታል።

ይሄ ለድሮ ካርታ አንባቢ ትልቅ ነገር ነው። ባንድ አገር ያሉ ገበያዎች ቀናቸው እንዳይጋጭ ነው የሚደለደሉት፣ ነጋዴው ዛሬ አንዱ ጋ ነገ ሌላው ጋ እንዲደርስ። ስለዚህ ካርታህ ላይ የቀን ስም ያላቸውን ቦታዎች በእርሳስ አክብባቸውና በሳምንቱ ቅደም ተከተል አገናኛቸው። የአህያ መንገዱ ይወጣልሃል። እኔ በራሴ ወረዳ ሞክሬዋለሁ። አስፋልቱ የሚሄድበት መንገድ ሌላ፣ እርሳሱ ያወጣው መንገድ ሌላ። የእርሳሱን መንገድ ለአባቴ ሳሳየው «በዚህማ ጨው ስንጭን ኖረናል» አለኝ።

ይፋግንም ፈልጋት። ላንተ ቅርብ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ያለፉ መንገደኞች ሁሉ የሚጠሯት ትልቅ ገበያ ነበረች። በካርታቸው ላይ ስሟ በጉልህ ነው። ዛሬ በመኪና የሚያልፍ ሰው ልብም አይላት። የዛሬዋ የአዲስ ዘመን ከተማ ግን እነሱ ካርታ ላይ የለችም። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ አዲስ ነው።

ሰምና ወርቅ

ጋሼ ብራና ስላረሙኝ አመሰግናለሁ። ዘሩን ሳላጣራ ነው የጻፍኩት።

ስለ ስም ካነሳን የጣናን ነገር ልበል። የድሮ የአውሮፓ ካርታዎች ላይ ጣና «ጻና» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ጀርመኖቹ «የጻና ሐይቅ» ይሉት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እንዲሁ። አንዳንድ ሰው ፈረንጅ አጣሞት ነው ይላል። አላጣመመውም። በድሮ ጽሑፋችንም ጻና ነው። አማርኛ የግዕዙን ጸ ወደ ጠ ይለውጣል። ጾም ጦም ሆነ፣ ጸሎት ጠሎት፣ ጸጉር ጠጉር። ጻናም ጣና። ስለዚህ ካርታው የያዘልን የቀድሞውን አነጋገር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የፖርቱጋል ሚስዮናውያን ደግሞ በአገሩ ስም የደንቢያ ሐይቅ ይሉት ነበር።

የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። የፈረንጆቹ ፊደል ጠ እና ተን፣ ቀ እና ከን፣ ጨ እና ቸን አይለይም። ቆላ «ኮላ» ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ስም አልገባ ሲላችሁ ጮክ ብላችሁ በሁለቱም አንብቡት። «ካላ» የሚመስለው «ቃላ» ሊሆን ይችላል፣ «ታራ» የሚመስለው «ጣራ»። ጆሮ ነው የሚለየው።

ብራና

ጆሮ ካላችሁ አንድ ሰው ላንሳላችሁ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ካርታዋን ግን እ.ኤ.አ. በ1683 አወጣ፣ ከዚያ በፊት ከነበሩት የተሻለ። እንዴት ቢሉ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩለት፣ የመካነ ሥላሴው መነኩሴ። ሮም ላይ በ1649 ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። ስሞቹ የተቃኑት በአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነው።

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይህ ነው። ወጣቶቹ ተረቱን ካላወቃችሁት፣ ሰርዶ ሥሩ መሬት ውስጥ የሚጠላለፍ ሣር ነው። የሚነቅለው የዚያው አፈር ለማዳ የሆነ በሬ ነው። የሌላ አገር በሬ ሞፈር ይሰብራል እንጂ አያወጣውም። የአገር ጉዳይ በአገሬው ይፈታል ለማለት ነው የሚተረተው። የካርታ ላይ ስምም ሰርዶ ነው።

ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲም ይህን የተረዳ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ አሥር ዓመት ያህል አገሩን ዞሮ፣ ተራራ ላይ እየወጣ ማዕዘን ሲለካ ኖረ። ያው ሰው በ1881 የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ካርታ ሠሪውና ቃል ሰብሳቢው አንድ ሰው ነበር። እኔ ይሄን ሁልጊዜ አደንቃለሁ።

ወይራ

ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር፤ አንድ ነገር ልጨምር። ርብ ማዶ፣ ካርታ ብቻ አትይ። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) በአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ። ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅቱ ማኅደር ውስጥ ተቀምጠው ኖረው፣ በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ለይተው አጠኗቸው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶ ተለጥፏል። አንዱ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ነው፣ ሌሎቹ ወደ ጎን ያዘነበሉ።

የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በነዚህ የ1938 ፎቶዎች ላይ ይለያሉ። ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ነው የሚመስሉት። ዙሪያው እርሻ፣ መሐሉ ደን። ያኔም እንደ ደሴት ነበሩ። አጥቢያህን ካወቅህ ሌላውን ሁሉ ከዚያ ክብ ተነስተህ ታገኘዋለህ። የዛሬውን የሳተላይት ምስል አጠገቡ ስታስቀምጥ ደግሞ በየቤቱ ጓሮና በየደኑ ዳር ባሕር ዛፍ ታያለህ።

እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። ባሕር ዛፍ ለምን «ባሕር»?

ዋንዛዬ

ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። በምኒልክ ጊዜ የገባ ዛፍ ነው። ባሕር ብለው የሚጠሩት መጤውን ነገር ነው፦ ባሕር ዛፍ፣ በቆሎን ደግሞ አንዳንድ አገር የባሕር ማሽላ ይለዋል። ለኛ ለጣና ልጆች ግን ባሕር ሐይቁ ነው። ባሕር ዳር ማለት የሐይቁ ዳር ነው። ስለዚህ እኛ ጋ አንድ ቃል የቅርቡንም የሩቁንም ይዟል፤ የቱ እንደሆነ የምታውቀው ተከትሎት ከሚመጣው ቃል ነው። የቦታ ስም ላይ ዛፍ ስታዩም ልብ በሉ። ደራ ያለችው ዋንዛዬ ስሟ የዋንዛ ነው። ባሕር ዛፍ በስሙ ውስጥ ያለበት ሰፈር ካገኛችሁ ግን ስሙ ከምኒልክ ወዲህ የወጣ ነው።

ሰምና ወርቅ

በዚሁ መንገድ ካርታውን ራሱን በቃላቱ ዕድሜ መቁጠር ይቻላል። ርብ ማዶ፣ ኅዳጉ ላይ ምን ይላል? «ጠቅላይ ግዛት» ካለ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነው፣ የበጌምድርና ስሜን ዘመን። «ክፍለ ሀገር» ካለ የደርግ ነው፣ ያኔ አገሩ ጎንደር ተባለ። «ዞን» እና «ክልል» ካለ ከዚያ ወዲህ። አውራጃ ግን አያታልላችሁ፤ በንጉሡም በደርግም ጊዜ ነበር።

የድሮ የማሳ ካርታ ግን እንዳትፈልግ። ሸዋና ደቡብ ላይ ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ተጥሏል፣ መሬት በጋሻ ተቆጥሯል። በጌምድርና ጎጃም ግን ርስት የሚቆጠረው በአጥንት ነበር። አቅኚ አባቱን ጠቅሶ፣ ትውልድ ቆጥሮ ነው ሰው መሬት የሚያገኘው። ስለዚህ የያኔው የማሳ ወሰን ወረቀት ላይ የለም። አያትህ ጋ ነው ያለው።

ርብ ማዶ

ተመልሻለሁ። «ክፍለ ሀገር» ይላል፤ ስለዚህ የደርግ ጊዜ እትም ነው። ገበያዎቹንም በእርሳስ አክብቤያቸዋለሁ፤ ዋንዛዬ እንዳልሽው መስመሩ ከአስፋልቱ ጋር አይገጥምም፣ አያቴ ቤት በታች ነው የሚያልፈው።

ዛሬ ማታ አያቴን እንደገና ጠየቅኳት። ስለ ከተማ አላነሳሁባትም። «እማማ፣ ልጅ ሳለሽ ከብት ምን ላይ ታግዱ ነበር?» ነው ያልኳት። ሰፌዷን ሳታስቀምጥ መለሰችልኝ።

«በጋ በጋ ወንዝ ዳር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ከተማ ላይ። ሣሩ ጥሩ ነው፣ ከላይ ሆነህ ሁሉን ታያለህ፣ ላም ብትጠፋ እንኳ አትሰወርህም።»