ልጄ «ፈርስት ጄነሬሽን» ትባላለች? አባቷስ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንድታድር እንዴት ይፍቀድላት?

የማርታ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ከመጣን አምስት ዓመታችን ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሁለት ማመልከቻ ይዛ መጣች፤ አንዱ ኤይሰስ፣ ሌላው አፕዋርድ ባውንድ የሚባል፣ ልጆችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም «ፈርስት ጄነሬሽን ነሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ አሜሪካ ገብቶ መጀመሪያ የሚማር ትውልድ ማለት መስሎኝ «አዎ በይ» አልኳት። እሷ ደግሞ «አባዬ እኮ ተምሯል» ብላ ባዶውን ተወችው። ባለቤቴ ደሴ መምህር ነበር፤ የመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ አለው፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። እኔ ከ10ኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። አፕዋርድ ባውንድ በበጋው (በእኛ ክረምት) ስድስት ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ማደር አለው። ባለቤቴ «ሴት ልጄ ውጭ አታድርም» አለ። የገቢ ግብር ወረቀት አምጡ መባሉም አስቆጣው፤ «ድሃ ነን ብዬ አልፈርምም» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ከመብራት ሒሳቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በዚህ ላይ አንድ ሰው ጊዜው ሲደርስ የፋፍሳውን ቅጽ (ለኮሌጅ የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበትን) በ600 ዶላር እሞላላችኋለሁ ብሎናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰናይት (የትምህርት ቤት ሠራተኛ)
እህቴ፣ ባዶ አትተዉት። የአፕዋርድ ባውንድ ሕግ የሚለው ቀላል ነው፦ እናትም አባትም የመጀመሪያ ዲግሪ ከሌላቸው ልጁ ፈርስት ጄነሬሽን ነው። የመጡበት ዘመን ወይም አገር አይቆጠርም። 12+2ም ሆነ 10+3 ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ ስለዚህ ማርታ «አዎ» ብላ ትሙላ። በዚሁ አጋጣሚ ለሌሎችም ልናገር፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ወላጅ «እዚህ አገር አልሠራሁበትም» ብሎ አይደብቀው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጆች በገቢያቸው ብቻም ማመልከት ይችላሉ።

ኤይሰስን አሁኑኑ ይያዙት። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅና ሮክቪል ያለው የሼዲ ግሮቭ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከል በጋራ የሚያካሂዱት ነው። ልጆቹ የሚያመለክቱት 10ኛ ክፍል እያሉ ነው፤ 11ኛ ሲገቡ እዚያው ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የሚከታተላቸው አማካሪ ይመደብላቸዋል። ከእኛ ሰው ስንቱ 12ኛ ክፍል ላይ ደርሶ «አሁንስ?» እያለ ይመጣል፤ ያኔ ግማሹ በር ተዘግቷል።

ስብሰባ ሲሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ቀደም ብለው ይጠይቁ፤ ነፃ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የማቅረብ ግዴታ አለበት። ማርታ እንድታስተረጉም አያድርጉ። እናቷን የሚያስጨንቅ ነገር ስትሰማ ዘልላው ታልፋለች፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሽ መኪና
ለባለቤትዎ ይህን ያንብቡለት። ወንድሜ፣ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። የፕሮግራሙ ገንዘብ የሚወጣው እኔና አንተ ከምንከፍለው ግብር ነው። አፕዋርድ ባውንድ እ.ኤ.አ. በ1964 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ጊዜ ድህነትን ለመዋጋት በወጣው ሕግ ተጀመረ፤ የመጣው ለእንደ እኛ ላለ ቤተሰብ ነው። መብትን መጠየቅ ልመና የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የ600 ዶላሩን ሰውዬ በሰላም አሰናብቱት። የፋፍሳ የመጀመሪያዋ ፊደል በእንግሊዝኛ «ነፃ» (ፍሪ) ለሚለው ቃል የቆመች ናት። ማርታ 12ኛ ክፍል ስትደርስ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ትሞላዋለች። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው፣ የማይመለሰው ገንዘብ፣ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ወላጅ ወደ ቅጹ የሚገባበትን የራሱን መለያ (አካውንት) በራሱ ኢሜይል ይክፈት፤ በልጅቷ ኢሜይል ከፍተን ሁለት ሳምንት የተንከራተትነውን አልረሳውም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ቅጹ የሚያየው ኮሌጅ ከሚገባበት ዓመት ሁለት ዓመት ቀደም ያለውን ገቢ ነው። ልጅዎ አሁን 10ኛ ከሆነች የሚታየው 10ኛ ክፍልን የምትጨርስበት ዓመት፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለው ነው። የዚያን ዓመት የታክሲውን ወጪና ገቢ በሥርዓት ይያዝ፤ የቤንዚን ደረሰኝ ኪስ ውስጥ አይቅር።

ሐና ዘአሌክሳንድሪያ
ስለ ማደሩ እኔ ልናገር፤ አድሬበታለሁና። አባቴም ልክ እንደ ማርታ አባት ነበር። እናቴ «መጀመሪያ ሄደህ እየው» አለችው። ሄደ። የሴቶቹ ፎቅ ለብቻው እንደሆነ፣ የምትጠብቀን ሴት እዚያው እንደምታድር፣ ከስንት ሰዓት በኋላ መውጣት እንደማይቻል አንድ በአንድ ጠየቀ። ከዚያ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል አሳዩኝ አለ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። የመጀመሪያው ቀን ማታ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ እናቴ የሠራችልኝን ድፎ ዳቦ በጠባቂዋ በኩል ላከልኝ። በሁለተኛው ሳምንት መደወል እንኳ ቀነሰ።

ጠዋት ሒሳብ፣ ሳይንስና ጽሑፍ እንማር ነበር፤ ግን እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው። መምህር ቢሮው ድረስ ሄዶ «አልገባኝም» ማለት ነውር እንዳልሆነ እዚያ ተማርኩ። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

በላይ
ልጅቷ ጎበዝ ከሆነች ለምን ኮሌጅ? ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ትግባ እንጂ። ኤይሰስ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ሊከታት ነው።

ሰናይት
አቶ በላይ፣ «ኮሌጅ» የሚለው ቃል በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ ስለሚመስል ነው እንዲህ የሚሉት። ሁለት ዓመት ሞንጎመሪ ኮሌጅ ተምሮ ዲግሪውን ሼዲ ግሮቭ መጨረስ ይቻላል፤ እዚያ የሚያስተምሩት ዘጠኝ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ የኤይሰስ ልጆችም አሉ፤ ማንም አያስገድዳቸውም።

ተስፋ ከፌርፋክስ
ቨርጂኒያ ላላችሁ፦ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ኢ.አይ.ፒ. የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። ገና ከመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚጀምር 10ኛ ክፍልን አትጠብቁ። የፕሮግራሙን ስም ጠቅሳችሁ የልጃችሁን አማካሪ ጠይቁ።

የማርታ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሽ መኪናንና የሐናን ጽሑፍ ትናንት ማታ እራት ላይ አነበብኩለት። ምንም አላለም። ዛሬ ጠዋት ግን ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከጎኑም ከሻንጣ ያወጣው የደሴው ዲፕሎማ ከነማኅተሙ። «ዲግሪ አለመሆኑን ራሳቸው ይዩት» ብሏል። ስለ ማደሩ የጠባቂዋን ስልክ ካላገኘሁ አልፈርምም ይላል፤ ሐሙስ ለመረጃው ስብሰባ አብሮን ሊመጣ ነው። ለአስተርጓሚው ደውያለሁ። ታናሽ ወንድሟን የሚይዝልኝ ሰው የለም፤ ይዤው ብመጣ ነውር ይሆን?

ሰናይት
ይዘውት ይምጡ። ብዙ ወላጆች እንደዚያ ነው የሚመጡት። የቀለም እርሳስና የሚበላ ነገር አይርሱ፤ ስብሰባው ይረዝማል።